በርበሬው የት ተሰጣ?

ቡሬ ገበያ ላይ በርበሬ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ ዋጋ አይጠይቅም። አንድ ዛላ አንስቶ ይሰብራል፣ ፍሬውን ጆሮው አጠገብ ያንኮሻኩሻል፣ ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸትታል። ከዚያ «የት ተሰጣ?» ይላል። መንገድ ዳር ከሆነ የመኪና ጭስ ጠጥቷል፤ አውድማ ላይ ከሆነ ገለባ አለበት፤ ቆርቆሮ ላይ ከሆነ ፀሐዩ አንድዶት ቀለሙ ሸሽቷል። ሻጮች ይህን ሲጠየቁ አይከፋቸውም። የሚከፋቸው ሰው ሳይጠይቅ ሲያልፍ ነው፤ ያልተጠየቀ በርበሬ አልተሸጠም።

ይህችን አንዲት ጥያቄ ይዤ ስንት ቢሮ ዞሬአለሁ። አንድም የወደዳት አላገኘሁም።

ከድሮው የእህል ገበያ ጀርባ፣ እምብርት በሚባለው የከተማው ቦታ፣ መርዝ ቤት የምንለው መሬት አለ። በደርግ ጊዜ የግብርና መድኃኒት መጋዘን ነበር። የተምች ዱቄት፣ የአንበጣ ፈሳሽ፣ የነቀዝ ብናኝ፣ ምኑ ቅጡ፤ የመጣው ሁሉ እዚያ ይከመር ነበር። ልጆች ሆነን በዚያ በኩል ስናልፍ ነጠላችንን አፍንጫችን ላይ አድርገን እንሮጥ ነበር። በርሜሎቹ እዚያው ዝገው እዚያው አፈሰሱ። ከብዙ ዓመት በኋላ የቀረውን በመኪና ጭነው ወሰዱት፣ ቆርቆሮውን ነቀሉት፣ መሬቱን ዶዘር አስተካከለው። ከዚያች ቀን ጀምሮ በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ስሙ «ባዶ ቦታ» ሆነ። ክረምት ሲገባ ሽታው ከመሬቱ ይነሳል። አፈሩ ቀይና ልስልስ ስለሆነ ደግሞ ሰው በቅርጫት እየዛቀ ለቤቱ ምርጊት ይወስደዋል። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ይህን ለማወቅ ግን ትምህርት አያስፈልግም። ሁሉም ያውቃል። የሚያናድደኝም ይኸው ነው።

ታናሽ እህቴ የበርበሬ ነጋዴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን ያሳደገችው በበርበሬ ነው። ከቡሬ ዙሪያ ገበሬዎች ዛላውን እርጥቡን ትገዛለች፣ ታሰጣለች፣ ትለቅማለች፣ ትሸጣለች። ገዥ አጥታ አታውቅም፤ ያጣችው ማስጫ ነው። የሰው ግቢ ተከራይታ ስታሰጣ ወይ የባለቤቱ ዶሮ ይጭረዋል፣ ወይ የግቢው እመቤት «ልጆቼን አስነጠሳቸው» ብላ መሀል ወቅት ላይ ታስወጣታለች። እንደሷ ካሉ ሴቶች ጋር ተደራጅታ ከከተማው አስተዳደር የማስጫ ቦታ ስትጠብቅ ዓመታት አለፉ። አንድ የኅዳር ከሰዓት እየሮጠች ቤቴ መጣች።

«እትየ፣ ቦታ ሰጡን!»

«እልል በይ! የት?»

«መሀል ከተማ ነው እኮ!» አለችና ድምጿ ዝቅ አለ። «ያ… ከእህል ገበያው ጀርባ ያለው።»

«መርዝ ቤት?»

«መርዝ ቤትማ ድሮ ነው እቴ። አሁን ባዶ ቦታ ነው።»

ያንን ቃል ከሷ አፍ ስሰማ ደሜ ፈላ። ሴትዮዋ በርበሬ አሸትታ የየትኛው ቀበሌ ማሳ እንደሆነ የምትናገር ናት፤ አሁን ግን የቢሮ ሰው ያስያዛትን ቃል ትደግምልኛለች።

«የሰው ምግብ ልታሰጭበት ነው?»

«ሸራ እናነጥፍበታለን።»

«ሸራው ላይ አቧራ አይወጣም? ስትገለብጭው እግርሽ በየት በኩል ሊሄድ ነው? በአየር?»

«አንች ደመወዝሽ ወር ጠብቆ ይመጣል» አለች። ፊቷ ቀልቶ ነበር። «የኔ በርበሬ ፀሐይ ይፈልጋል፣ ፀሐይ ቦታ ይፈልጋል። ስንት ዓመት ስለምን አንድ ቀን አብረሽኝ ቢሮ ሄደሽ ታውቂያለሽ? አሁን ተሰጠኝ ስል መጣሽ! ቅናት ነው ይህ፣ ሌላ አይደለም።»

በበርበሬ ማስጫ የሚቀና አስተማሪ ካለ ያሳዩኝ። ስድብ ተሰዳደብን፤ ሁለታችንም ከአንድ እናት የወሰድነው ምላስ ስላለን ማንም አላነሰም። በሩን ወርውራው ስትሄድ፣ ያ መሬት ሳይጸዳ እህቴ አንዲት ዛላ እንዳታሰጣበት አደርጋለሁ ብዬ ማልኩ። መሬቱ ተጸድቶ የሷ እንዲሆንም በዚያው ትንፋሽ ማልኩ። ሁለተኛውን መሐላ ማንም አልሰማልኝም።

በማግሥቱ መሬት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። ኃላፊው ያስተማርኩት ልጅ ነው። ስገባ ብድግ አለ፣ እኔ እስክቀመጥ አልተቀመጠም፣ «መምህር፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። ትሕትናው ልክ ነበረው። እንዲህ ያለ ሰው ጠላት ሲሆን አያድርስ ነው፤ የምትጮኺበት ቀዳዳ የለውም።

«ያ መሬት ይመርመር» አልኩት።

«ምን ተብሎ ይመርመር መምህር? እኛ ሕጉ የሚለንን ነው የምንሠራ። መሬት ወይ የተያዘ ነው፣ ወይ ባዶ ነው። ያ ደግሞ ባዶ ነው።»

«በመርዝ የተያዘ ነው!»

ሳቀ። ቀልድ መሰለው። ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። የበከለው መሥሪያ ቤት ያጽዳ እንዳይባል፣ ያ መሥሪያ ቤት ከፈረሰ ቆይቷል፤ ሥራው ለሌሎች ተከፋፍሏል፤ አንዱም በርሜሉን ወረስኩ አይልም። ከተማው ያጽዳ እንዳይባል ለዚህ የተያዘ በጀት የለም። ሴቶቹ ራሳቸው ያጽዱ እንዳይባል ድሆች ናቸው፤ ባለሀብት ይምጣ ቢባል ደግሞ የሊዙን እየከፈለ የሰው መርዝ የሚያጥብ ባለሀብት የለም። «ስለዚህ ዝም ማለት ይሻላል መምህር» አለኝ። ነገሩ ሁሉ ገብቶታል። ገብቶት ነው ለእህቴ የሰጣት።

ጠረጴዛውን መታሁት። የሻዩ ብርጭቆ ተገለበጠ። እሱ በሶፍት ጠረገና እስከ በር ድረስ ሸኘኝ።

የዚያን ዓመት ክረምት ከመግባቱ በፊት ዞኑ ፍኖተ ሰላም ላይ የሕዝብ አስተያየት ይሰበሰባል ተባለ። ክልሉ የከተማ መሬት መመሪያ ሊያሻሽል ነው፣ ረቂቁ ላይ ሰው ይናገር ተባለ። ማንም አልጠራኝም፤ መንገዱ አንድ ቀን እየተዘጋ አንድ ቀን የሚከፈት ነው፤ የዚያን ቀን ክፍት ስለነበር በሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ። አዳራሹ ውስጥ ግማሹ ሰው ለውሎ አበል የመጣ ነው፤ ስልኩን እየነካካ ምሳ ይጠብቃል። መድረኩ ላይ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ የዞን ባለሙያ ተቀምጧል። ሰው መናገር ሲጀምር የብዕሩን ክዳን ይነቅላል፤ ተናጋሪው ሳይጨርስ መልሶ ይከድነዋል።

ድምፅ ማጉያውን ከአንዱ እጅ ነጠቅኩት ማለት ይቻላል።

«ሕጋችሁ ሁለት ዓይነት መሬት ብቻ ያውቃል፤ የተያዘና ባዶ» አልኩ። «ሦስተኛ ጨምሩበት፤ የታመመ መሬት በሉት። የታመመ መሬት ሳይመረመር ለማንም አይሰጥ። ያሳመመው መሥሪያ ቤት ያክመው። ፈርሷል ከተባለ መንግሥት ያክመው፤ መንግሥት እኮ አልፈረሰም! እኔ አጽድቼ ልሥራበት የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ ሊዙን ተዉለት፣ ሸክሙን አቅልሉለት። እንዲህ ያለ ቦታ በየከተማው መሀል ተገትሮ እናንተ ቤት መሥሪያ ጠፋ እያላችሁ የገበሬውን የጤፍ ማሳ ትወስዳላችሁ። መርዙን ለድሃ ሴት፣ ማሳውን ለቪላ። በርበሬ ገዥ እንኳ የት ተሰጣ ብሎ ይጠይቃል፤ ሕግ እንዴት አይጠይቅም?»

ከኋላ ጥቂት ሰው አጨበጨበ። ሰማያዊ ሹራቡ ብዕሩን ከደነ።

«በጣም ጥሩ ግብዓት ነው» አለ። «ሌላ አስተያየት?»

ግብዓት! ሃያ ዓመት ልጆች ፊት ቆሜ ያልተሰማኝ ንቀት በዚያች ቃል ተሰማኝ። ሻይ እረፍት ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ጠበቅኩት፤ በአንድ እጁ ብስኩት ይዞ ሲወጣ ከፊቱ ቆምኩ። በግራ ሲል በግራ፣ በቀኝ ሲል በቀኝ።

«እኔ ግብዓት አላመጣሁም። ጥያቄ ነው ያመጣሁ።»

መውጫ ስላጣ ነው መሰለኝ አንድ ነገር ቃል ገባ። ቦታው የተሰጣቸው ሴቶች ራሳቸው «ርክክቡ ይቆይልን፣ መጀመሪያ ይመርመርልን» ብለው ከጠየቁ፣ የአፈር ናሙና የሚወስድ ሰው ይላካል። ውጤቱ እንደ ማሳያ ከረቂቁ ጋር ይያያዛል፤ አንቀጽ ለማስገባት ያኔ መነጋገር ይቻላል። ጣቱን ይዤ ማስማል ብቻ ነው የቀረኝ።

ስለዚህ፣ ሁሉ ነገር ወደ እህቴ ዞረ። የሚነጠቀው የሷ ቦታ ነው፤ ካልፈረመች ነገሩ አበቃ። ቤቷ ሄጄ ስነግራት በርበሬ እየለቀመች ቀና ብላ አላየችኝም።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አለች። «አንች ለምነሽ የምታመጭውን ሕግ ልጆቼ ይበሉታል?»

ዝናብ ባይጥል ኖሮ እንደተኳረፍን እንቀር ነበር። ግንቦት ላይ ያለወትሮው የጠነከረ ዝናብ መታና እሷ ቦታዋ ውኃ ይቋጥር እንደሆነ ለማየት ብቻዋን ወደ መርዝ ቤት ሄደች። እዚያ ምን እንዳየች አልነገረችኝም። ቤቴ ስትመጣ ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበር። እጇን ደጋግማ ታጠበች፣ አሸተተችው፣ እንደገና ታጠበች።

«የት ነው የምፈርመው?» አለችኝ። ሌሎቹን ሴቶችም ራሷ አስፈረመቻቸው። ሲረግሟት ሰምቻለሁ።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ የኔና የቢሮዎቹ ጠብ ነበር። ከዚህ በኋላ ያበላሸው ሰው ግን የሚወደኝ ሰው ነው።

የነፍስ አባታችን ሰኔ ላይ ጠበል ሊረጩልኝ ቤቴ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቡሬ ውስጥ ቃላቸው መሬት አይወድቅም። አፌ አላርፍ ብሎ ሁሉን ዘረገፍኩላቸው፤ ኃላፊውን፣ ሰማያዊ ሹራቡን፣ ሁሉን።

«መርዝ ነው አባ፤ ሰይጣን አይደለም በጠበል የሚወጣ» አልኳቸው።

«አፈሩን ዛሬም ለምርጊት ይወስዱታል ልጀ?»

«ይወስዱታል አባ። ስንት ጊዜ ነገርኳቸው፤ ማን ይሰማኛል?»

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ ሕዝቡን አስከትለው ወደ መርዝ ቤት ሄዱ። እኔም ምን ሊያደርጉ ነው ብዬ ተከተልኩ። የድሮው አጥር አጠገብ ቆመው መስቀላቸውን አነሱ። «ይህ መሬት እስኪነጻ ድረስ» አሉ፣ «የዘራበት፣ ያሰጣበት፣ የሠራበት፣ አፈሩን የቆፈረ፣ የወሰደ በሥልጣነ ክህነቴ ግዙት ይሁን!»

በቅርጫቷ አፈር ይዛ የነበረች አንዲት ሴት እዚያው ደፍታው ወጣች። እኔ ከኅዳር ጀምሮ በየቢሮው የለመንኩትን ሕግ ሽማግሌው በአንድ ትንፋሽ አወጡት፤ «እስኪነጻ ድረስ» የምትለዋ ሳትቀር። ከዚያች ቀን ጀምሮ ፍየል የሚጠብቅ እንኳ ፍየሉን ወደዚያ አያስጠጋም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ እኔ ግን ቀናሁም ፈራሁም። ሰው ሲበተን ጠጋ አልኳቸው።

«አባ፣ ሊመረምር የሚመጣውስ? እሱም እኮ ይቆፍራል።»

«ሲመጣ ንገሪኝ፤ እፈታለታለሁ። ያሰርሁት እኔ አይደለሁ?»

መልሱ ልክ ነበር። የጎደለው ቢሮ የሚባለው ነገር ሲመጣ ተናግሮ እንደማይመጣ ነው።

ጥቅምት ላይ መንገዱ በተከፈተ በአንዱ ቀን ከባሕር ዳር አንድ መኪና ሳይታሰብ መጣ፤ ሾፌርና አንድ ወጣት ባለሙያ። ከሰዓት መመለስ አለባቸው፤ ነገ መንገዱ ክፍት መሆኑን ማን ያውቃል? አባን ፍለጋ ሮጥኩ። ግሽ ዓባይ ጠበል ወርደዋል፣ ሱባኤ ላይ ናቸው ተባልኩ። ስልክ አይዙም።

መርዝ ቤት ስመለስ ሰው ተሰብስቧል። ባለሙያው የመቆፈሪያውን ብረት አውጥቶ የቀን ሠራተኛ ጠርቷል። የመጣው ሁሉ አጥሩ ድረስ ይደርስና «ግዝት አለበት» ሲባል ይመለሳል። ባለሙያው ራሱ እንዳይቆፍር እሱም ማተብ አለው፤ ግዝቱን ሲሰማ ብረቱን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠው። ያስተማርኩት ኃላፊ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

«ሕዝቡ ካልፈለገ እኛ ምን እናደርጋለን መምህር?» አለኝ። «ናሙና መውሰድ አልተቻለም ብለን እንጽፋለን። ቦታውም ባለበት ይቆያል።»

ፊቱ ላይ እፎይታ አየሁበት። ዕድሜ ልኩን የሚያሳርፍ ምክንያት አገኘ፤ የሰጡትም አባ ናቸው። እዚያው ላይ ጮህኩበት። ያስተማርኩትን ፊደል መልስልኝ አልኩት። ምን ያላልኩት አለ! እየጮህኩ ሳለሁ ሕዝቡ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። እኔን ፈርተው የመሰለኝ ለትንሽ ጊዜ ነው፤ ዓይናቸው ግን ከኔ ኋላ ነበር።

ስዞር እህቴ አጥሩ ውስጥ ናት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ብረቱን መሬት ላይ ተክላ ትጠመዝዛለች።

«ውጭ!» አልኳት። «አባ እስኪመጡ…»

«መኪናው ይጠብቃቸዋል?» አለች፤ ቀና ሳትል።

ባለሙያው ከአጥር ውጭ ሆኖ «እዚያ ጋ ደግሞ፣ ትንሽ ጠለቅ አድርጊው» እያለ ከረጢት ይወረውርላታል። ሽታው እኛ ድረስ መጣ። ሳል ያዛት፤ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ቀጠለች። ከረጢቶቹን ሞልታ ስትወጣ ሰው መንገድ ለቀቀላት። ከሚያስፈልጋት በላይ ነበር የለቀቀላት።

በዚያ ዓመት በርበሬዋን ያሰጣችው በኔ ግቢ ነው። አበባዬን ሁሉ ነቅዬ፣ መሬቱን በእበት ለቅልቄ ሰጠኋት። እንደዚያ ያማረ በርበሬ ከእጇ ወጥቶ አያውቅም። ገበያ ወጣች። የሚያውቋት ሁሉ ቆመው ሰላም አሏት፤ «እንዴት ነሽ? ልጆች ደኅና?» ወትሮ ከሚሉት አስበልጠው አሉ። ከዚያ አልፈው ከጎኗ ካለችው ገዙ። ዛላ አንስቶ የሰበረ የለም። የት ተሰጣ ያላት አንድ ሰው የለም።

አባ ከግሽ ዓባይ ሲመለሱ ጉዱን ሰሙ። ከፋቸው። የፈረዱት በራሳቸው ላይ ይመስለኛል። ቀኖና ሰጧት፣ ስግደቱን ጨረሰች፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ እያየ በመስቀላቸው ባርከው «ፈትቻታለሁ» አሉ። ሕዝቡም «ይፍታት» አለ። በሚቀጥለው ገበያ ግን ያው ነው። አንዷን የጎረቤት ሴት ይዤ ጠየቅኋት።

«መፈታቷንማ ተፈትታለች መምህር፣ እኛ ምን ገዶን» አለችኝ። «ግን የሚበላ ነገር ነው። ለልጅ የሚቀርብ ነው። ምን ያጣድፋል?»

የዚህች ሴት የቤቷ ግድግዳ ከወለል እስከ ጣራ በመርዝ ቤት አፈር የተመረገ ነው። ልጆቿ ግድግዳውን ተደግፈው ያጠናሉ። ክረምት ሲገባ ቤቱ ይሸታል፤ እሷ ግን የሸሸችው የእህቴን በርበሬ ነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይኸ ነው። ነገርኳት። እስካሁን ሰላም አትለኝም፤ እኔም አልልም።

የምርመራው ውጤት መጣ። ሁላችንም የምናውቀውን ነበር የሚለው፤ አፈሩ መርዝ ነው። ኃላፊው ስብሰባ ጠርቶ «ጽሕፈት ቤታችን በራሱ ተነሳሽነት ባስጠናው ጥናት» ብሎ ጀመረ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ማን እንደቆፈረ አላነሳም። ቦታው እንደ አዲስ ታጠረ፣ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ተተከለበት። ሴቶቹ በምትኩ ሌላ ቦታ ይሰጣቸዋል ተባለ፤ ገና ነው። መመሪያው ጸድቆ ሲወጣ ገጽ በገጽ አነበብኩት። መሬት ወይ የተያዘ ነው፣ ወይ ባዶ ነው። ስለ ታመመው ስጠይቅ «ለተጨማሪ ውይይት ተይዟል» አሉኝ። አሁንም በየወሩ እሄድባቸዋለሁ። ጥበቃው ሲያየኝ ስልክ ያነሳል፤ መምጣቴን ለላይኞቹ የሚነግር ይመስለኛል።

እህቴ አሁን የምትሸጠው ፍኖተ ሰላም ነው። ግዝቱ እዚያ አልደረሰም። ጨለማ ሳይገፈፍ ጆንያዋን ተሸክማ መናኸሪያ ትወርዳለች፣ መንገድ ከተዘጋ ተመልሳ ትመጣለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ አብሬያት እሄዳለሁ። እኔ ሚዛኑን እይዛለሁ፤ ሻጭነት አያምርብኝም፣ ከገዥ ጋር እጣላለሁ።

በአንዱ ቅዳሜ አንድ ሰው መጥቶ ጆንያው ፊት ቁጢጥ አለ። ሰማያዊ ሹራብ። ወዲያው አወቅኩት። እሱ ግን ቀና ብሎም አላየኝ። አንድ ዛላ አነሳ፣ ሰበረ፣ አሸተተ።

«የቡሬ ነው?»

«የቡሬ ነው ጌታየ» አለች እህቴ።

«የት ተሰጣ?» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቡሬ መርዝ ቤት የሚባል ቦታ አለ። እዚያ አጠገብ እንዳይሆን ብቻ። ባለቤቴ አደራ ብላኛለች።»

ሚዛኑን ጣልኩት። ለቤቱ ድስት መጠየቅ ያውቅበታል ለካ! ልነሳ ስል እህቴ የነጠላዬን ጫፍ ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ። ጉልበቷ የዚያን ቀን ብረቱን ስትጠመዝዝ ያየሁት ጉልበት ነው።

«የእህቴ ግቢ ነው የተሰጣ» አለችው። «ይኸው እሷ። አስተማሪ ናት፤ ግቢዋ ንጹሕ ነው።»

ሰውየው አየኝ። አላወቀኝም። «እንግዲያው ይመዘን» አለ። መዘነችለት። «መርቂኝ እንጅ» አላት፤ በሁለት እጇ ዘግና ጨመረችለት። እጁ ላይ የቀረውን ፍሬ አራግፎ ሄደ።

«ምነው ያዝሽኝ?» ብዬ ጮህኩባት። «ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያ ግብዓት የሚለው ሰው እኮ ነው! እያወቀ! እያወቀ እኮ ነው…»

«አውቄዋለሁ እትየ። ሹራቡን ስትረግሚ ሁለት ዓመት ሰምቼ የለ?»

«ታዲያ?»

የተበተነውን ዛላ ወደ ጆንያው ሰበሰበች። ፊቷን ወደ ሌላ አዙራ ነበር።

«ታዲያማ የት ተሰጣ አለኝ» አለች። «ስንት ጊዜየ ሰው እንዲያ ካለኝ።»

ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ የሚያልፈውን ገዥ ጠራች።